ጠንበለል አጥር አያውቅም

ካዛንቺስ ውስጥ ሰው ቤት አበባ ይዞ መሄድ ድፍረት ይጠይቃል። ሙዝ ይዞ የመጣን እንግዳ ማንም ምክንያቱን አይጠይቀውም። ስኳርና ቡና ይዞ የመጣ ይመረቃል። ውስኪ ይዞ የመጣማ ገና ከበሩ "ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል!" ይባላል። አበባ የያዘ እንግዳ ግን ደጃፉ ላይ ይመረመራል። የቤቱ እመቤት መጀመሪያ አበባውን ታያለች፤ ቀጥላ ፊቱን፤ ከዚያ ከኋላው ሌላ ሰው ተከትሎት እንደሆነ አሻግራ ታማትራለች። "በደህና ነው?" ትላለች። ለሠርግ ከሆነ ጥሪው አልደረሳትም፤ ለሐዘን ከሆነ መርዶውን አልሰማችም፤ ለምርቃት ከሆነ ልጇ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። አበባው ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው ማስቀመጫ ይፈልጋል። ማስቀመጫ ከቤቱ አልጠፋም፤ ቡፌው ላይ አለ፤ ግን ባለቤት አለው። በውስጡ ያሉት የፕላስቲክ አበቦች ከቤቱ የመጨረሻ ልጅ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ በየበዓሉ ዋዜማ በኦሞ ታጥበው፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው፣ እንደገና ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። እነሱን አስነሥቶ ሁለት ቀን ለሚቆይ መጤ ቦታ መስጠት ግፍ ነው። ስለዚህ ትኩሱ አበባ ጆግ ውስጥ ይገባል። ጆጉ ለምሳ ሲፈለግ ወደ ባልዲ ይዛወራል። እንግዳው ተሰናብቶ ሲወጣ፣ ስጦታው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይሸኘዋል።

መቼስ አበባ አንወድም ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ከካዛንቺስ በእግር በሚደረስበት ፍል ውሃ ዳር፣ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ለአዲሷ ከተማ ስም ሲያወጡ ያሰቡት አበባ ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ መስቀል ፍላወር የሚባል ሰፈር አለን፤ የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ ስሙን እየጠሩ ሰው ይጭናሉ። በእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ደጃችን ይቆማሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ ወረቀት ላይ የሣሉትን አበባ በጠዋት ያድላሉ። ያን ጊዜ "በደህና ነው?" የሚል የለም። ብር ወጥቶ፣ ምርቃት ተጨምሮ፣ የተሣለው አበባ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከልጅ እጅ አበባ መቀበል እናውቅበታለን፤ ጢም ያወጣ ሰው ይዞት ሲመጣ ነው የምንደነግጠው።

የአበባ ድሃም አይደለንም። አበባ ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥለን ሁለተኛ ነን። የዝዋይ፣ የሆለታና የሰበታ ጽጌረዳ በቦሌ በኩል ተጭኖ አውሮፓ ይገባል፤ የፍቅረኞች ቀን ሲቃረብማ የአበባው ጉዞ ከሰው ጉዞ ይብሳል። ለካዛንቺስ ይተርፍ የነበረው ማታ ማታ በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚዞረው ነበር። እሱም ዋጋው የሚወሰነው በገዢው ሞቅታ ነበር፤ አበባው ትኩስ ይሁን የትናንት፣ በዚያ ሰዓት የሚያጣራ አልነበረም።

የኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው። እኛ እንግዳ የምናከብረው በአፍንጫው በኩል ነው። ወለሉ ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ሲገኝ ጠጅ ሣርና አሪቲ ይጣልበታል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ቡናው ተቆልቶ እየጨሰ በእንግዳው ፊት ይዞራል፤ እንግዳውም ጭሱን በእጁ ወደ ፊቱ ሳብ እያደረገ "እሰይ" ይላል። ጠላው እንኳ ጋኑ በወይራ ካልታጠነ ጠላ አይባልም። በዚህ ፈተና የሱቅ ጽጌረዳ ይወድቃል። የተዳቀለው ለመንገድ ነዋ! ግንዱ እንዲረዝም፣ ቅጠሉ እንዲጸና፣ ሳምንት እንዲከርም ሲባል ሽታው መንገድ ላይ ቀርቷል። አፍንጫችሁን ብታስጠጉት የሚሸታችሁ የማቀዝቀዣ ክፍል ነው።

ጠንበለል ግን ለአፍንጫ የተፈጠረ ነው። የችግኝ ነጋዴዎች ጃስሚን ይሉታል፤ እንደዚያ ሲባል ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። በዓለም ላይ ወደ 200 የሚጠጋ ዝርያ አለው ይባላል፤ ከእነዚህ አንዱ ሳይንሳዊ ስሙ ላይ አቢሲኒያን ይዟል፤ በደጋውና በወይና ደጋው ጫካ ዳር ዳር፣ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ይበቅላል። አበባው ነጭ፣ ትንሽ፣ ከሩቅ ሲያዩት ይህን ያህልም የማያስደንቅ ነው። ዕፅዋት አጥኚዎች የሚመድቡት ከወይራ ቤተሰብ ነው። የጠላውን ጋን የሚያጥነው ወይራና አጥር ላይ የተንጠለጠለው ነጭ አበባ የአጎት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ዘር ከልጓም ይስባል።

ሌላው ዓለም ይህን አበባ ምን ያህል እንዳከበረው ሳይ ቅናት ቢጤ ይሰማኛል። ፊሊፒንስ በ1934 እ.ኤ.አ. ከዘመዶቹ አንዱን ብሔራዊ አበባዋ አደረገችው፤ ኢንዶኔዥያ በ1990 እ.ኤ.አ. ተከተለች፤ ፓኪስታንም የመረጠችው ጃስሚንን ነው። በደቡብ ህንድ ሴቶች ጎንጉነው ጸጉራቸው ላይ ያደርጉታል። ቱኒዚያ ውስጥ ወንዶች እቅፉን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ቡና ቤት ይቀመጣሉ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፕሬዚዳንታቸውን ያባረረውን አመፅ የውጭ ጋዜጠኞች በዚሁ አበባ ስም ሲጠሩት፣ የቻይና ባለሥልጣናት ደንግጠው ገበያ ላይ የጃስሚን ሽያጭ እስከ መከልከል ደረሱ። እኛስ? በእኛ የባህል ሕክምና ቅጠሉ ለኮሶ ይታዘዛል። ሰው በፍቅር የሚጠቀለልበትን ሐረግ እኛ የኮሶ ትል ለማስወጣት አዋልነው። ይህን ለሴት ጓደኛው ጠንበለል ሊሰጥ ያሰበ ወጣት ባይሰማው ይሻላል።

እኔ ጠንበለልን ያወቅሁት ከተከራየሁበት ግቢ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ የሠራቸው ቤቶች ለካዛንቺስ ስሟን አውርሰዋታል። ከእነዚያ ቤቶች ጀርባና ዙሪያ ደግሞ በኋላ ዘመን የተቀጣጠሉ ክፍሎች ነበሩ፤ አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ሽንት ቤት፣ ብዙ ቤተሰብ። የግቢያችን እማማ ጠንበለሉን የተከሉት ሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር ነው። ምክንያቱን የጠየቃቸው የለም፤ አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ኬሚስቶች የሚነግሩን ጉድ አለ። የጃስሚንን መዓዛ ከሚሠሩት ውህዶች አንዱ ኢንዶል ይባላል። ይኸው ኢንዶል ሰው ሽንት ቤት ገብቶ ትቶት በሚወጣው ነገር ውስጥም ይገኛል። መጠኑ ሲያንስ አበባ አበባ ይላል፤ ሲበዛ ወደ ጠባዩ ይመለሳል። እንግዲህ እማማ ሳያውቁት ዘመድን ከዘመድ አገናኝተው ነበር። ያም ሆነ ይህ ሥራውን ሠርቷል። ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ተከራይ ታባርር ነበር፤ ጠንበለሉ ባበበ ሰሞን ግን ተከራዮች አይተው በዚያው ምሽት ቀብድ የሚከፍሉት ለእሷ ነበር። "በማታ ነው ማሳየት" ይሉ ነበር እማማ።

በማታ መሆኑ እውነት ነው። ጠንበለል ቀን ቀን ሐረግ ነው፤ መሸት ሲል ነው የሚከፈተውና ሽታውን የሚለቀው፤ የሚጠብቀው የሌሊት እራቶችን ነው። በዚህ ጠባዩ ፍጹም የካዛንቺስ ልጅ ነው፤ ሰፈሩም ቀን ቢሮ፣ ማታ ሌላ ነበር። ከመጠጥ ቤት የሚመለሰው ሁሉ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ እርምጃውን ገታ ያደርጋል። አንዳንዱ "የማን ሽቶ ነው?" ይላል። አንዱማ ሚስቱ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው መስሎት ከአጥሩ ማዶ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምተነዋል።

ይህ አበባ ታዲያ ለምን ሱቅ አይገባም? ስለማይቆይ ነው። ማታ የቀጠፍከው ጠዋት ጠውልጎ ይጠብቅሃል። ለሽቶ ሲለቀም እንኳ በማለዳ ተለቅሞ ወዲያው ወደ ፋብሪካ ይሮጣል፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት 8 ሺህ ያህል አበባ ያስፈልጋል፤ በ1921 እ.ኤ.አ. የወጣው የሻኔል ቁጥር 5 ሽቶ የሚመካው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በግራስ ጃስሚን ነው። የግቢያችን ጎረምሳ ይህን ሁሉ የት ያውቃል! በቂርቆስ በኩል ለምትኖር ልጅ ብሎ ማታ የለቀመውን ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከትቶ በነጋታው ወሰደላት። ከፈተችው። ውስጡ ቡናማ፣ የተጨማደደ ነገር አለ።

"ምንድን ነው?"

"ጠንበለል ነበር።"

ልጅቷ ቀፎውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ "ነበር አትበል፤ ይሸታል" አለችው። እንዲህ ያለች ልጅ በሁለት ጽጌረዳ አትገኝም።

ሆኖም ጎረምሳው ትክክለኛውን አሰጣጥ የተማረው ከእማማ ነው። ጠንበለል በአበባው አይሰጥም፤ በቁራጩ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሰውን ሲያስመርር፣ እማማ መቀሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። የሚመርጡት እርሳስ የሚያክል፣ ለጋም ያልሆነ ያላረጀም ግንድ ነው። ስንዝር ያህል ይለኩና ከአንጓው ዝቅ አድርገው በሰያፍ ይቆርጡታል። የታችኛውን ቅጠል መልምለው ከላይ ጥቂት ይተዉለታል። ታቹ በምስማር የተበሳ የዘይት ቆርቆሮ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ አፈሩ ከአሸዋ ጋር ተደባልቋል። ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ እስኪገባ ይሰኩታል፤ ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ፤ ከዚያ አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ይደፉበታል። የላስቲኩ ውስጥ ወዲያው በላብ ይሸፈናል።

"አሁን ተወው" ይላሉ። "በየቀኑ እየከፈትህ 'ደረስህ ወይ?' አትበለው። ሥር የሚያወጣው ሰው ሲረሳው ነው።"

ትምህርቱ ይቀጥላል። ፀሐይ ይወዳል፤ ጥላ ከሆነበት ቅጠል እንጂ አበባ አያሳይህም። ፋንድያ ብታበዛበትም እንደዚሁ፤ ይሰባና ማበቡን ይረሳል። ውሃ በፈረቃ ነው ብለህ አትስነፍ፤ የልብስ ማለቅለቂያው ይበቃዋል፤ በረኪና ያለበትን ግን እንዳታስጠጋበት። አብቦ ሲጨርስ አሳጥረው። አለዚያ ያገኘው ላይ ሁሉ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ምክር በግቢው ውስጥ በደም የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ ክረምት ሳይቆረጥ ቀርቶ ዲሹ ላይ ወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ምስሉ ተቆራርጦ ጠፋ። ወንዶቹ በአንድ ድምፅ መጋዝ ፍለጋ ተነሡ። እማማ ከመሰላሉ ሥር ቆሙና፣ "እግር ኳሱ በሚቀጥለው ቅዳሜም አለ፤ ይሄ የሚያብበው ዛሬ ማታ ነው" አሉ። መጋዙ ተመለሰ፤ ዲሹ ተነቅሎ ወደ ሌላ ጣሪያ ተዛወረ።

ቆርቆሮውን ተቀብዬ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" ስላቸው ተቆጡ።

"ምን ሰጠሁህና? አንተ ጋ አስቀመጥሁት እንጂ።"

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እማማ ቁራጭ ያልሰጡት ጎረቤት የለም። አንዱ ኡራኤል አካባቢ አጥር ላይ አለ፤ አንዱ ወደ ባምቢስ ተሻግሯል፤ ያቺ የክብሪት ቀፎዋ ልጅ ጎረምሳውን ስታገባ አንዱን ቆርቆሮ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደሚገኘው ቤቷ ይዛ ገባች። ቁራጭ ደግሞ ልጅ አይደለም፤ ያው ራሱ እናቱ ነው፤ በዘር ምንም የማይለይ፣ ሌላ ቦታ የቆመ ያው አንድ ተክል። ስለዚህ የእማማ ጠንበለል በውርጭ ቢመታ፣ በፍየል ቢበላ፣ በመጋዝ ቢወድቅ፣ ሌላ አጥር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ዕቁብ ጥለዋል፤ ሲደርሳቸው ያወጣሉ። ልዩነቱ ዳኛም ጸሐፊም የሌለው መሆኑ ነው። ይህ ሂሳብ ግን በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ ጎረቤት ያስፈልገዋል። ጽጌረዳ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል፤ ጠንበለል የሚገኘው ቡና ከሚያጣጣህ ሰው ነው።

በ2017 ዓ.ም. የዕቁቡ ቀን ደረሰ። ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደሌሎችም ሰፈሮች ተዛወረ። የጭነት መኪናዎቹ ላይ አልጋው፣ ቡፌው፣ የፕላስቲክ አበባው ከነማስቀመጫው ተጫነ። የእማማ ጠንበለል ግን ግድግዳ ላይ ያደገ ነው፤ ግድግዳ ሲሄድ ይሄዳል። ወቅቱም የቁራጭ ወቅት አልነበረም። ዛሬ ሰፈሩ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና በመስመር የተተከለ አበባ አለው፤ አበባው ጠባቂ አለው፤ ውሃ በቦቴ ይጠጣል። ያምራል። ሲያዩት ደስ ይላል። ከእሱ ቁራጭ ልውሰድ ብትል ግን የምታስፈቅደው ጎረቤት ሳይሆን ዘበኛ ነው።

እማማ ገላን ጉራ በገቡ በመጀመሪያው ሐምሌ ስልክ ደወሉ። ሰላምታውን እንደ ወጉ አደረሱ፤ ጤና፣ ሥራ፣ ልጆች። ከዚያ እንደ ባንክ ደንበኛ ቀጥ ብለው ገቡበት። "ያ ያስቀመጥሁብህ አለ?" አለ አልኳቸው። "እንግዲያው ስንዝር ቁረጥና አምጣ። ሃይላንዱን እኔ ጋ ታገኛለህ።" ከኡራኤሉም፣ ከባምቢሱም፣ ከቂርቆሷ ልጅም በዚያው ሳምንት ጠይቀው ኖሮ፣ ስደርስ ግድግዳው ሥር የተደፋው ላስቲክ ተሰልፏል። ቀድሞ አንድ የነበራቸው ሴትዮ አሁን ለአዲሶቹ ጎረቤቶች የሚያስቀምጡት ተርፏቸዋል።

እኔ ራሴ አሁን የምኖረው ጎተራ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ምድር ቤት ነው። ጠንበለሉ ከበሬ ጎን ተተክሎ ጥሩ አድርጎ ያዘ። ኮንዶሚኒየም ግን አጥር ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ የሆነበት አገር ነው። ሐረጉ አንደኛ ፎቅን አለፈ፤ ሁለተኛን አለፈ፤ ፀሐይ አግኝቶ ያበበው ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ነው። ጉዳዩ የሕንፃው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። እኔ "ሥሩ የኔ ነው፤ የውሃው ቢል የሚመጣው በስሜ ነው" አልሁ። የሦስተኛ ፎቋ እመቤት "አበባው እኔ ጋ ነው፤ የሚያነቃኝም እኔን ነው" አሉ። የአንደኛና የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪዎች ቅጠል ብቻ በመስኮታቸው ሲያልፍ ማየት ስለ ሰለቻቸው የመተላለፊያ ካሳ ጠየቁ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ገና ከመጀመሪያው ሐረጉ የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል፣ ይቆረጥ ባይ ነበሩ።

ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ የተያዘው ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል። ሥር ያለው ውሃ ያጠጣል። አበባ የደረሰው እሑድ እሑድ ቡና ያፈላል፤ በረንዳው ክፍት ይሆናል። ቅጠል ብቻ ለደረሳቸው ለእያንዳንዳቸው በሐምሌ አንድ አንድ ቁራጭ ይቆረጥላቸው። ውይይት ተደርጎበት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሊቀ መንበሩ ፈርመው ወረቀቱን ለጸሐፊዋ ከመለሱ በኋላ መልሰው ጠየቋትና፣ ቁራጭ ፈላጊዎች በሚለው ዝርዝር ላይ ከሁሉም በላይ የራሳቸውን ቤት ቁጥር ጨመሩበት።